የአካባቢዎች ልዩነት በእርግጥ ጠቧል? አንድ ቁጥር ያስነሳው ረጅም ክርክር

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የውይይት ክሩን የከፈተው ሰው የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቱን እየጻፈ ነው። የአንድ ሀገር አካባቢዎችን ነፍስ ወከፍ ገቢ ሰብስቦ ለሁለት ዘመናት የልዩነትን መጠን የሚያሳየውን የጂኒን መለኪያ አስልቷል። በመጀመሪያው ዘመን ቁጥሩ ከፍ ያለ ነው፤ በሁለተኛው ዝቅ ብሏል። ከዚህ ተነስቶ ሁለት ነገር ደመደመ። አንደኛ፣ በአካባቢዎች መካከል ያለው ማኅበራዊ ልዩነት ጠቧል። ሁለተኛ፣ ልማቱ ዘላቂ መንገድ ይዟል። መድረኩን የጠየቀውም ይህን ድምዳሜ የሚያጠናክርለት ሌላ መለኪያ ካለ እንዲጠቁሙት ነው።

መልሶቹ ከሃያ በላይ ሆኑ። ሁሉንም አንብቤያቸዋለሁ፤ እዚህ የማቀርባቸውም በራሴ አነጋገር ነው። ጉዳዩ የሚያሳስበኝ ምክንያት አለ። እንዲህ ያለ ቁጥር ከጥናት ወረቀት ወጥቶ በጀት የሚያከፋፍሉ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ልዩነቱ ጠቧል ሲባል ለተጎዱት አካባቢዎች የሚመደበው ድጋፍ ሊቀንስ ይችላል። ልዩነቱ በእውነት ካልጠበበ፣ የሚጎዳው ስሌቱን የሠራው ሰው አይደለም። ትምህርት ቤት ሳይሠራላት የምትቀር ልጅ ናት።

1ኛው መልስ ትሁት ነበር። ጸሐፊዋ ጠያቂውን ወንድሜ ብላ ጀመረች፤ መረጃውን ማሰባሰቡ ራሱ ትልቅ ሥራ መሆኑንም መሰከረችለት። ቀጥላ ለማያውቁ አንባቢዎች የመለኪያውን አመጣጥ አስረዳች። አሜሪካዊው ማክስ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1905 ሀብት በሕዝብ መካከል እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳይ ኩርባ አቀረበ። ጣሊያናዊው ኮራዶ ጂኒ ደግሞ በ1912 ልዩነትን በአንድ ቁጥር የሚገልጸውን መለኪያ አወጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ሁሉም እኩል ሲኖረው ቁጥሩ 0 ነው፤ ሁሉም ነገር በአንድ ሰው እጅ ሲገባ ወደ 1 ይጠጋል። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ጣለች። በስሌቱ ውስጥ እያንዳንዱ አካባቢ እንደ አንድ ነው የተቆጠረው ወይስ በሕዝቡ ብዛት ተመዝኗል?

2ኛው መልስ የራሱ የጠያቂው ነበር። አመሰገነና ሁሉንም እኩል እንደቆጠረ ተናገረ። ለምን ይህ ጥያቄ እንደሚነሳ ግን ግልጽ አልሆነለትም።

3ኛው መላሽ ነገሩን በምሳሌ አፍታታው። በእኔ ዕይታ ከክሩ ሁሉ የተሻለው መልስ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ላቅርበው። አንድ ሀገር 10 ሚሊዮን ሕዝብና ስድስት አካባቢዎች አሉት እንበል። ሁለቱ ትልልቅ ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው 4 ሚሊዮን ሰው ይኖራል። አራቱ ትንንሽ ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው 500 ሺህ። በመጀመሪያው ዘመን የሁለቱ ትልልቆች አማካይ ገቢ እኩል 100 ነው። የትንንሾቹ 40፣ 60፣ 140 እና 160 ነው። በሁለተኛው ዘመን ትንንሾቹ ተቀራርበው 90፣ 95፣ 105 እና 110 ሆኑ። ትልልቆቹ ግን ተራራቁ፤ አንዱ ወደ 70 ወረደ፣ ሌላው ወደ 130 ወጣ።

አሁን ስሌቱን እንይ። አካባቢዎቹን እኩል ብንቆጥራቸው፣ ከአማካዩ የመራቃቸው መጠን፣ ማለትም መደበኛ ልይይቱ፣ ከ42 ገደማ ወደ 18 ተኩል ይወርዳል። ልዩነቱ ከግማሽ በላይ ጠበበ እንላለን። በሕዝብ ብዛት ብንመዝነው ግን ከ23 ገደማ ወደ 27 ይወጣል። ልዩነቱ ሰፋ እንላለን። መረጃው አንድ ነው፤ ሀገሩም አንድ ነው። የተቀየረው ማን እንደሚቆጠር ብቻ ነው። 4 ሚሊዮን ሰዎች ከቀድሞው 30 በመቶ ደኽይተዋል፣ እኩል የሚቆጥረው ስሌት ግን የምሥራች ይነግረናል። ይህን ምሳሌ ራሴ በወረቀት ደግሜ ሠራሁት፤ ትክክል ነው።

ይኸው መላሽ ነገሩ አዲስ እንዳልሆነም ጨመረ። የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪው ጄፍሪ ዊሊያምሰን በ1965 የአካባቢዎችን ልዩነት ከሀገር ዕድገት ጋር ሲያጠና በሕዝብ ብዛት የተመዘነ መለኪያ ተጠቅሟል። የኢኮኖሚ ባለሙያው ብራንኮ ሚላኖቪች ደግሞ ሀገሮችን እርስ በርስ ሲያወዳድር ሁለቱን ስሌቶች ጎን ለጎን አስቀምጧል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጨረሻዎቹ ሁለት አሥርት ዓመታት ሀገሮች እኩል ሲቆጠሩ ልዩነቱ ሰፍቷል። በሕዝብ ሲመዘኑ ግን ጠቧል። ዋናው ምክንያት የቻይና ፈጣን ዕድገት ነበር።

4ኛው መልስ ተቃውሞ ነበር፤ ግን ጨዋ ተቃውሞ። ሳይመዝኑ መቁጠር ሁልጊዜ ስህተት ተደርጎ መወሰዱ ልክ እንዳልሆነ አስረዳ። ጥያቄው ስለ ሰዎች ኑሮ ከሆነ በሕዝብ መመዘን ግድ ነው። ጥያቄው ግን የአካባቢ አስተዳደሮች ፖሊሲ ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚል ከሆነ፣ ትንሹም ትልቁም አካባቢ አንድ ሙከራ ነው። እዚህ ላይ ልክ ነው። ሆኖም ጠያቂው ያነሳው ማኅበራዊ ልዩነትን ነው፤ ስለ ሰዎች ነው። ስለዚህ የ4ኛው መልስ ትክክለኛነት ጠያቂውን ከ3ኛው ምሳሌ አያድነውም።

መላሹ በዚያው ስለ መቀራረብ ሌላ ማስጠንቀቂያ አከለ። ብዙ ተማሪዎች ድሃ አካባቢዎች ከሀብታሞቹ ፈጥነው ማደጋቸውን በሪግሬሽን (በሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ግንኙነት በሚገምት ስሌት) ካሳዩ በኋላ ልዩነቱ እየጠበበ ነው ይላሉ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በአጋጣሚ አንድ ዓመት ዝቅ ያለ አካባቢ በሚቀጥለው ወደ አማካዩ ሊመለስ ይችላል። ይህን ፍራንሲስ ጋልተን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በወላጆችና በልጆች ቁመት ላይ አይቶታል። ስለዚህ ድሆቹ ፈጥነው ማደጋቸው ብቻ አይበቃም፤ አጠቃላዩ መራራቅ መቀነሱም በራሱ ይለካ።

5ኛው መልስ አጭርና ወደ ነጥቡ የሚገባ ነበር። የአካባቢዎቹ ቁጥር ጥቂት ሲሆን የጂኒ መለኪያ 1 ሊደርስ አይችልም። አምስት አካባቢዎች ካሉ ጣሪያው 0.8 ነው፤ አሥር ካሉ 0.9። ስለዚህ በሁለቱ ዘመናት የአካባቢዎቹ ብዛት አንድ ካልሆነ ቁጥሮቹን እንዲሁ ማወዳደር አይቻልም። የአካባቢዎቹ ብዛት ተቀይሯል ወይ ብሎ ጠየቀ።

6ኛው መልስ ላይ ጠያቂው አዎ አለ። በመሐሉ አንድ ሰፊ አካባቢ ለሁለት ተከፍሏል። ወሰኖችም እዚህም እዚያም ተነካክተዋል።

ይህ መልስ ሲወጣ ክሩ ነቃ። 7ኛው መላሽ የካርታ ሥራ ባለሙያ ትመስላለች። ወሰን ሲቀየር ቁጥር እንደሚቀየር የሚያሳይ የታወቀ ሥራ ጠቀሰች። ስታን ኦፐንሾ እና ፒተር ቴይለር በ1979 የአሜሪካዋን የአዮዋ ግዛት 99 ካውንቲዎች (ንዑስ አስተዳደሮች) ወሰዱ። በአረጋውያን ድርሻና ለሪፐብሊካን ፓርቲ በተሰጠ ድምፅ መካከል ያለውን ዝምድና (ከ-1 እስከ +1 የሚለካ፤ 0 ሲሆን ዝምድና አልታየም ማለት ነው) ፈለጉ። ካውንቲዎቹን በተለያየ መንገድ እያሰባሰቡ ትልልቅ አካባቢዎችን ሲፈጥሩ፣ ዝምድናው ከሞላ ጎደል ከ-1 እስከ +1 ድረስ ተመላለሰ። ሰዎቹ አልተንቀሳቀሱም። የተንቀሳቀሰው መስመሩ ነው። ምክሯ ቀላል ነበር። ሁለቱንም ዘመናት በአንድ ዓይነት ወሰን አስላ። የተከፈለውን አካባቢ መልሰህ አንድ አድርግ፤ ወይም የመጀመሪያውን ዘመን መረጃ በአዲሱ ወሰን ለመከፋፈል ሞክር። የመጀመሪያው ይቀላል።

ከ8ኛው እስከ 10ኛው ያሉት መልሶች ወደ ሶፍትዌር ጉዳይ ወጡ። አንዱ ይህ ሁሉ በኤክሴል እንደሚሠራ ተናገረ፣ ሌላው ስታታ የተባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር አወደሰ፣ ሦስተኛው አር የተባለው ሶፍትዌር ነፃ መሆኑንና ሥራውን ሌላ ሰው ደግሞ ሊፈትሸው እንደሚችል ገለጸ። የሦስተኛው ነጥብ ይጠቅማል። ስሌቱ በግልጽ ተጽፎ ቢቀመጥ ኖሮ፣ የክብደቱን ጉዳይ 1ኛዋ መላሽ መጠየቅ አያስፈልጋትም ነበር። ከዚህ ያለፈው ግን የምርጫ ጉዳይ ነው።

11ኛው መልስ ድምፁ ከፍ ያለ ነበር። ጸሐፊዋ ለዓመታት ቤት ለቤት እየዞረች የቤተሰብ ጥናት መረጃ ሰብስባለች። ሶፍትዌሩን ትተን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እንድናስብ ጠየቀች። ከዚያ ያየችውን ተረከች። በሠራችበት አንድ አካባቢ ማዕድን ማውጣት ተጀመረ። የአካባቢው ነፍስ ወከፍ ምርት በወረቀት ላይ ተተኮሰ። እሷ ግን በጠየቀቻቸው ቤቶች ውስጥ ምግቡም፣ ጣሪያውም፣ የልጆቹ ትምህርትም እንደነበረ ነው። ትርፉ የሚመዘገበው እዚያ ነው፤ የሚኖረው ግን ሌላ ቦታ ነው። አካባቢው ግን በጠያቂው ስሌት ከድህነት የወጣ ሆኖ ይቆጠራል። ይህ ነገር እንደሚያንገበግባት ሳትደብቅ ነው የጻፈችው። እኔንም ያንገበግበኛል።

12ኛው ይህንኑ በሀገር ደረጃ አሳየ። አየርላንድ በ2015 የ26 በመቶ ኢኮኖሚያዊ ዕድገት እንዳስመዘገበች በይፋ ተነገረ። ዋናው ምክንያት ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች የአእምሯዊ ንብረታቸውንና ሌላ ሀብታቸውን ወደዚያ በመዝገብ ማዛወራቸው ነበር። የሕዝቡ ኑሮ በአንድ ዓመት በሩብ አልተሻሻለም። የሀገሪቱ የስታቲስቲክስ ቢሮም ይህን የሚያስተካክል ሌላ የገቢ መለኪያ ማውጣት ጀመረ። ሉክሰምበርግም ሌላ ምሳሌ ናት። ከሠራተኞቿ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ከጎረቤት ሀገሮች ተመላልሰው የሚሠሩ ናቸው። ያመረቱት በሉክሰምበርግ ይቆጠራል፤ እነሱ ግን በሕዝቧ ቁጥር ውስጥ የሉም። ስለዚህ ነፍስ ወከፍ ምርቷ ያብጣል። ሠራተኛ ከዳር እየገባ በሚውልበት ትልቅ ከተማ ሁሉ የሚሆነው ይኸው ነው። መፍትሔው ስለ ኑሮ ሲጠና ምርትን ሳይሆን የቤተሰብ ገቢን ወይም ፍጆታን መጠቀም ነው።

13ኛው መላሽ ወደ ሌላ መለኪያ መራን። ሄንሪ ቴይል በ1967 ያቀረበው መለኪያ ጠቅላላውን ልዩነት ለሁለት ይከፍላል። አንዱ ክፍል በአካባቢዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሌላው በየአካባቢው ውስጥ፣ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ያለው ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ድምሩ ልክ ይመጣል። ጂኒ ይህን በንጽሕና አይሠራም፤ የቡድኖቹ ገቢ ሲደራረብ ወዴትም የማይመደብ ትርፍ ይቀራል። የቤተሰብ ጥናቶች በዚህ መንገድ ሲበተኑ ብዙ ጊዜ የሚበልጠው በውስጥ ያለው ልዩነት ነው። ጠያቂው ግን የያዘው የአካባቢ አማካዮችን ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ትልቁ ክፍል ምንም ሊል አይችልም።

ይህ ነጥብ የክሩ እምብርት ይመስለኛል። አማካይ አንድ አካባቢን አንድ ሰው ያስመስለዋል። በዚያ አካባቢ ውስጥ ሀብታም ሰፈርና ውኃ የሌለው ሰፈር ጎን ለጎን ቢኖሩ አማካዩ አይነግረንም። ማኅበራዊ ልዩነት የሚለውን ቃል ለመጠቀም የሚፈልግ ሰው ወደ ቤተሰብ ደረጃ መረጃ መውረድ አለበት።

14ኛው መላሽ ግን 13ኛውን ለማረም ቸኮለ። በመካከል ያለው ድርሻ ትንሽ ስለሆነ ብቻ የአካባቢ ጉዳይ ቀላል ነው ማለት እንደማይቻል አጥብቆ ተከራከረ። ምክንያቱም ይህ ድርሻ 100 በመቶ እንዲሆን በእያንዳንዱ አካባቢ ያለ ሰው ሁሉ ፍጹም እኩል መሆን አለበት። ያ በየትም አይሆንም። ተመራማሪዎችም ለዚህ ሲሉ የተገኘውን ድርሻ፣ አካባቢዎቹ በብዛታቸው ሊደርሱበት ከሚችሉት ከፍተኛ ድርሻ ጋር ማነጻጸርን ሐሳብ አድርገው አቅርበዋል። ደግሞ ትንሽ ድርሻም ቢሆን አንድ ሕዝብ በሙሉ የተገፋ ሆኖ ከተሰማው ትልቅ ቁስል ነው። ሁለቱም መላሾች ትክክል ናቸው ባይ ነኝ። 13ኛው ስለሚለካው ነገር ይናገራል፤ 14ኛው ስለ ቁጥሩ አተረጓጎም።

15ኛው አጠር አድርጎ የዊሊያም ሮቢንሰንን የ1950 ሥራ አስታወሰ። ሮቢንሰን የአሜሪካን የ1930 የሕዝብ ቆጠራ ወሰደ። በ48ቱ ግዛቶች ደረጃ፣ ውጭ ሀገር የተወለዱ ሰዎች የበዙበት ግዛት መሃይምነቱ ያነሰ ነበር፤ ዝምድናው -0.526። በግለሰብ ደረጃ ሲታይ ግን ውጭ ሀገር የተወለዱት በመሃይምነት ከፍ ይሉ ነበር፤ ዝምድናው 0.118። ምልክቱ ሳይቀር ተገለበጠ። መጤዎቹ የሚሰፍሩት የተማረ ሕዝብ በበዛበት ግዛት ስለነበር ነው። ስለ አካባቢ የተገኘን ነገር ስለ ሰው ማውራት የሚያደርሰው ስህተት ከዚህ በላይ በግልጽ አይታይም።

16ኛው መልስ ላይ ነገሩ ጦፈ። ጸሐፊው በቀመርና በዓመተ ምሕረት መደርደር እንደሰለቸው አስታወቀ። ድሃው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ለካችሁት አልለካችሁት የእሱ እንጀራ አይጨምርም የሚል መልእክት ያለው ጽሑፍ ነበር። ስታቲስቲክስን የደላቸው ሰዎች ጨዋታ አድርጎ ነው የሳለው።

17ኛው መልስ የባሰ ሆነ። 16ኛውን ሰነፍ አለው። ድሃው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያውቁት የራሳቸውን ወገን ድሃ ብቻ እንደሆነ ወረፈው። ቃሉ ከረረ፤ ስድብም አልጠፋበትም። ነቀፌታው ግን መሠረት አለው። ልኬት በሌለበት የሚሰማው የጮኸው ነው። ድምፅ የሌለው፣ ሩቅ ያለው፣ ማንም የማይጎበኘው አካባቢ የሚታየው በቁጥር ነው። ይህን ሳይሳደቡ መናገር ይቻል ነበር።

ክሩን ያረጋጉት 18ኛዋ መላሽ ናቸው። በጡረታ ላይ ያሉ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ናቸው፤ ብዙዎቹ እናታችን እያሉ ነው የሚያናግሯቸው። 16ኛውን ልጄ ብለው ቁጣው ከየት እንደመጣ እንደሚገባቸው ነገሩት። 17ኛውንም በአንደበቱ ገሠጹት። ከዚያ ማንም ያላነሳውን ጥያቄ አመጡ። በመረጃው ውስጥ ያልገባው ማን ነው?

ያብራሩት እንዲህ ነው። የቤተሰብ ጥናት ቤት ያለውን ቤተሰብ ይፈልጋል። ጎዳና ላይ የሚያድር፣ ከብቱን ተከትሎ የሚንቀሳቀስ፣ በመጠለያ ጣቢያ ያለ፣ ግጭት ካለበት ቦታ ያልወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ከላይኛው ጫፍም እንዲሁ ነው። እጅግ ሀብታሞቹ በር አይከፍቱም፤ ከከፈቱም ገቢያቸውን በሙሉ አይናገሩም። ሁለቱም ጫፎች ሲጎድሉ የሚለካው ልዩነት ከእውነተኛው ያንሳል። በተባበሩት መንግሥታት ዘላቂ የልማት ግቦች ውስጥ መረጃ በገቢ፣ በጾታ፣ በዕድሜ፣ በአካል ጉዳት ሁኔታ፣ በመልክዓ ምድር አቀማመጥና በሌሎችም ተለይቶ እንዲቀርብ የሚጠይቅ ንዑስ ግብ አለ፤ 17.18 ነው። ይህ ንዑስ ግብ የተጻፈበት ምክንያት አማካይ የሚደብቃቸው ሰዎች መኖራቸው እንደሆነ አስረዱ።

ሁለተኛው ነጥባቸው የናሙና ብዛት ነበር። አንድ ሀገር አቀፍ ጥናት ለሀገሩ በሙሉ አስተማማኝ ቢሆንም ለአንድ ትንሽ አካባቢ ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ሊደርሱት ይችላል። ያኔ የአካባቢው አማካይ በአጋጣሚ ይወዛወዛል። ለዚህ የተበጀ ስልት አለ። ሮበርት ፌይ እና ሮጀር ሄሪየት በ1979 ከ1000 ሰው በታች ለሚኖሩባቸው የአሜሪካ ትንንሽ ቦታዎች ገቢን የገመቱት፣ የናሙናውን ውጤት ከሌላ መረጃ ከተገኘ ግምት ጋር በማዋሐድ ነው። ናሙናው ደካማ ሲሆን ግምቱ ወደ ሌላው መረጃ ያደላል። ክሪስ ኤልበርስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ2003 ያወጣው ስልት ደግሞ ጥናትንና የሕዝብ ቆጠራን አጣምሮ የድህነት ካርታ ይሠራል። ጥናቱ ገቢን በዝርዝር ይዟል፤ ቆጠራው ሁሉንም ሰው ይዟል። ሁለቱ ሲገናኙ እስከ ትንሽ መንደር መውረድ ይቻላል። ነገር ግን የግምቱ የስህተት ወሰን ከካርታው ጋር ካልወጣ ካርታው አሳሳች እንደሚሆን ደጋግመው አሳሰቡ። ቀይ ቀለም የተቀባ አካባቢና ከጎኑ ያለው ብርቱካናማ በእውነት ላይለያዩ ይችላሉ።

ከዚህ በኋላ 16ኛው ተመልሶ አጭር ምስጋና አስቀመጠ። 17ኛው ዝም አለ። የመድረክ ክርክር በአንድ ሰው እርጋታ ሲቀየር ማየት ደስ ይላል።

20ኛው መልስ ስለ ዘላቂነት ነበር፤ ጊዜውም ደርሶ ነበር። እስካሁን ሁሉም ስለ መጀመሪያው ድምዳሜ ሲያወራ ሁለተኛው ተዘንግቷል። በግሮ ሀርለም ብሩንትላንድ የተመራው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን በ1987 ባወጣው ሪፖርት፣ ዘላቂ ልማት የዛሬውን ትውልድ ፍላጎት የመጪውን አቅም ሳይጎዳ ማሟላት ነው። የገቢ ልዩነት መጥበቡ ስለዚህ ብዙም አይነግረንም። ድሃ አካባቢ ደኑን ጨፍጭፎ፣ አፈሩን አሟጦ፣ የከርሰ ምድር ውኃውን አድርቆ ገቢውን ሊያሳድግ ይችላል። በጂኒ ስሌት ልዩነቱ ጠበበ። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ያ አካባቢ ምን ይቀረዋል? ገቢ የሚያሳየው የሚፈሰውን ነው፤ ዘላቂነት ደግሞ የተጠራቀመውን ሀብት ማየት ይፈልጋል። የዓለም ባንክ የተስተካከለ የተጣራ ቁጠባ የሚለው ስሌት ለዚህ የታሰበ ነው። ከቁጠባው ላይ የተፈጥሮ ሀብት መመናመንንና የብክለትን ጉዳት ይቀንሳል፤ ለትምህርት የወጣውን ይጨምራል። በአካባቢ ደረጃ መረጃው ከባድ ነው። ቢያንስ የደን ሽፋንና የመሬት መራቆት ግን ከሳተላይት ምስል ሊገኝ ይችላል።

21ኛው ሁሉንም አመላካቾች ደምሮ አንድ ነጠላ ቁጥር ማውጣትን ሐሳብ አድርጎ አቀረበ። በዘላቂ የልማት ግቦቹ ውስጥ 17 ግቦችና 169 ንዑስ ግቦች እያሉ ሰው እንዴት ይከታተላል የሚል ነበር ምክንያቱ። 22ኛዋ ወዲያው ተቃወመችው። ሲደመር አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። የሀገሮችን ጤና፣ ትምህርትና ገቢ በአንድ ቁጥር የሚያጠቃልለው የሰብዓዊ ልማት መለኪያ በ2010 ከተራ አማካይ ወደ ጂኦሜትሪያዊ አማካይ (ቁጥሮቹን በመደመር ሳይሆን በማባዛት ወደሚሰላ አማካይ) የተቀየረው ለዚህ ነው፤ በጤና የወደቀ በገቢ ብቻ እንዳይካካስ። በዚያው ዓመት የወጣው የባለብዙ ገጽታ ድህነት መለኪያ ደግሞ ከቤተሰብ ይነሳል። በጤና፣ በትምህርትና በኑሮ ደረጃ 10 አመላካቾችን ይመለከታል። ለአመላካቾቹ ከተሰጠው ክብደት ሲሶውና ከዚያ በላይ የጎደለበት ቤተሰብ ድሃ ይባላል። ከዚያ በአካባቢ ተበትኖ ምን እንደጎደለ ጭምር ይታያል። እኔ የ22ኛዋን መንገድ እመርጣለሁ። ለአንድ አካባቢ ኃላፊ 0.43 የሚል ቁጥር ከመስጠት፣ የጎደለው ንጹሕ ውኃ ነው ብሎ መንገር ሥራ ያስጀምራል።

23ኛው መላሽ በትንሽ ሠንጠረዥ ብዙዎችን አስደነገጠ። በአንድ አካባቢ 90 በመቶ፣ በሌላው 50 በመቶ ሕፃናት ትምህርት ቤት ይገባሉ እንበል። ቆይቶ 95 እና 60 ሆኑ። የገቡትን ብናወዳድር ጥምርታው ከ1.8 ወደ 1.6 ገደማ ይወርዳል፤ ልዩነቱ ጠበበ። ያልገቡትን ብናወዳድር ግን መጀመሪያ 50 ለ10 ነበር፤ አምስት እጥፍ። አሁን 40 ለ5 ነው፤ ስምንት እጥፍ። ልዩነቱ ሰፋ። አንዱንም ውሸት ነው ማለት አይቻልም። ስለዚህ ጣሪያ ባለው አመላካች ላይ ሁለቱም አቅጣጫ ይቅረብ፤ አንባቢ ይፍረድ።

24ኛው ጎረቤት አካባቢዎች እርስ በርስ እንደሚመሳሰሉና ይህ የሪግሬሽንን ውጤት ከልክ በላይ አስተማማኝ እንደሚያስመስለው ጠቆመ። የፓትሪክ ሞራን የ1950 መለኪያ ይህን መመሳሰል ለመፈተሽ ያገለግላል። ነጥቡ ጥሩ ነው፤ ግን በደከመ ክር መጨረሻ ላይ መጣና ማንም አልተከተለውም። ሁለት ሰዎች ስለ ካርታ ቀለም ተከራክረው ሄዱ።

27ኛው መልስ የጠያቂው ነበር። ሁሉንም አንድ በአንድ አንብቦ ምን እንደሚያደርግ ዘረዘረ። የተከፈለውን አካባቢ መልሶ አንድ ያደርጋል። የተመዘነውንና ያልተመዘነውን ጎን ለጎን ያወጣል። የቤተሰብ ጥናት መረጃ አግኝቶ በቴይል መለኪያ ይበትነዋል። ስለ ዘላቂነት የጻፈውን ምዕራፍ ለጊዜው ያወጣዋል፤ የያዘው መረጃ ያንን እንደማይደግፍ ተረድቷል። እናታችን ያሏቸው ባለሙያ 28ኛውን መልስ ጻፉ። ምዕራፉን እንዳያወጣው፣ ይልቁንም አንድ አመላካች ብቻ፣ የደን ሽፋንን ይዞ እንዲጀምር መከሩት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት። በእያንዳንዱ አካባቢ ስም ሥር ስንት ቤተሰብ እንደተጠየቀ ይጻፍ፤ ስንቱ ጋ መድረስ እንዳልተቻለም ከጎኑ ይጻፍ።